ሦስት ጊዜ የተመለስኩበት በር

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ባልደረቦቼ ጋቢ አልብሰው፣ ኬክ አስቆርሰው ሸኙኝ። ከመካከላቸው ከትምህርት ቤት ከወጣች ዓመት ያልሞላት አንዲት አዋላጅ ተነሥታ «ስለ ሲስተር ዘነበች በር ሰባሪዋ ጥቂት ልናገር» ስትል አዳራሹ በሣቅ ፈረሰ። እኔም ሣቅሁ። እውነቷን ነው። እርጉዝ ልጠይቅ ሄጄ ከደጅ «ተኝታለች፣ ዛሬ አልተመቻትም፣ ነገ ነይ» ሲሉኝ «እንግዲያው አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ» እልና ሰተት ብዬ እገባለሁ። የሰደበኝ አለ፤ ውሻ የለቀቀብኝም አለ። ልጅቱ ይህን ጠባዬ አድርጋ ቆጠረችው። እኔ ግን እንዲህ ሆኜ አልተፈጠርኩም። በሥራ ዘመኔ ከአንድ ቤት ደጅ ተመልሻለሁ፤ እሱም ሦስት ጊዜ ነው። ያን ዕለት ልነግራት ስል ኬኩ መጣና ቀረ።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። ጎንደር ተምሬ ስጨርስ ዕጣዬ ብቸና ወጣ። ብቸና በየት በኩል እንደሆነች እንኳ አላውቅም ነበር። ከደብረ ማርቆስ በእህል መኪና ተጭኜ፣ ሉማሜ ላይ ጎማ ፈንድቶ ግማሽ ቀን ከጆንያ ጋር ተቀምጬ፣ ስደርስ ነጩ ጫማዬ ቀይ ሆኖ ነበር። ጤና ጣቢያው አራት ክፍል ነው። ጣሪያው ቆርቆሮ ስለሆነ ክረምት ሲገባ ከበሽተኛ ጋር የምንነጋገረው በጩኸት ነበር። አለቃችን የነበሩት ጤና መኮንን ደግ ሰው ናቸው፤ ብቻ አንድ ለእናቱ የሆነውን ቴርሞሜትር ከደረት ኪሳቸው አያወጡትም። ትኩሳት መለካት ከፈለግሽ ሰውዬውን ከነኪሳቸው መፈለግ ነው። ደሞዝ መዘግየቱን አላወራም፤ በዚያ ዘመን የሠራ ሁሉ ያውቀዋል።

ሥራ ያስተማሩኝ አቶ ደምሴ ናቸው። አቶ ደምሴ ጦር ሠራዊት ውስጥ የወታደር ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ ድሬሰር ነበሩ። ዲፕሎማ የያዝኩት እኔ፣ የሚያውቁት እሳቸው። እጃቸውን ሲታጠቡ አቡነ ዘበሰማያትን ከዳር እስከ ዳር በቀስታ ይደግማሉ፤ ጸሎቱ ሳያልቅ መታጠቡ አያልቅም። በመሃል ያናገራቸው ካለ ከመጀመሪያው ይጀምራሉ። ስለዚህ እሳቸው ውኃ ላይ ሲሆኑ ግቢው ሁሉ ዝም ይላል። የመድኃኒት ጠርሙስ ላይ የተጻፈውን ሦስት ጊዜ ያነባሉ፦ ሲያነሡት፣ ሲቀዱት፣ ሲመልሱት። የእንጨት ማዳመጫውን እርጉዝ ሆድ ላይ ሲያሳርፉ ደግሞ ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። ለምን ብዬ ብጠይቃቸው «ከውስጥ ያለው እንግዳ ነው» አሉኝ። አንድ ሌላ አመል ነበራቸው። በሽተኛን «ምን ያምሃል?» ብለው አይጀምሩም፤ «ትናንት ምን ሠራህ?» ይላሉ። ሰው ሕመሙን ይደብቃል፤ ትናንት ውኃ መቅዳት እንዳቃተው ግን ሳያስበው ይናገራል። እኔ ይህን ዘዴ ንቄው ነበር። ወጣት ነበርኩ፤ ከዲፕሎማ የሚበልጥ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ደስ የሚል ጊዜም ነበር። ለፈንጣጣ ክትባት በበቅሎ ደብረ ወርቅ ስንወርድ የቆሎ ተማሪዎቹ እንደ መርፌ የሚፈሩት ነገር አልነበረም። አቶ ደምሴ ግን መጀመሪያ እኔን ከፊታቸው ያስከትቡኝና «ሴት ያልጮኸችበትን» ብለው ያሰልፏቸዋል። የተከተበው ወደ ዳር ሄዶ በግዕዝ ሲሰድበኝ እሰማለሁ፤ ትርጉሙ ስለማይገባኝ ፈገግ እላለሁ። እስከ የጁቤ ድረስ በዚያች በቅሎ ሄደናል። አሁን ጉልበቴ ሲያመኝ ያችን በቅሎ እናፍቃለሁ።

ወደ ነገሬ ልግባ። የጤና ጣቢያው ተቆላፊ ሣጥን ውስጥ ቡናማ ጠብታ የምንለው መድኃኒት ነበር። ከኦፒየም የሚሠራ ነው፤ ለከባድ ተቅማጥና ለማያስቆም ቁርጠት በውኃ ጠብ አድርገን እንሰጣለን። ቁልፉን አቶ ደምሴ ከማተባቸው ጋር አንገታቸው ላይ ያንጠለጥሉታል። አንጓች የምትባል የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሚስት ከጎኗ በታች እየቆረጣት ስትመጣ ከዚያ ጠብታ ሰጠናት፤ ተሻላት። እንደገና መጣች፤ ሰጠናት። በአራተኛው አቶ ደምሴ ከለከሏት። «ይህን የለመደ ሰው ከሕመሙ ይልቅ ጠብታው ሲያጣ ነው የሚታመም» አሏት። አንጓች ነጠላዋን አስተካክላ፣ አመስግና ሄደች። ዳነች ብለን ረሳናት።

አልዳነችም። ገበያ ዳር ጃንጥላ ዘርግቶ መድኃኒት የሚሸጥ አንድ ሰውዬ ነበር። ድሬሰር ነበርኩ ይላል። መርፌውን በእጅጌው ጠርጎ ይወጋል። ቡናማውንም ጠብታ በድብቅ ይሸጣል። በሕግ የተከለከለ ነው፤ ከየት እንደሚያመጣው የሚያውቅ የለም። አንጓች ከእሱ እየገዛች ትናንሽ ጠርሙሶች ከልብሷ ስር ይዛ እንደምትገባ እኔ ያወቅሁት እጅግ ዘግይቼ ነው።

በትዳር አምስት ዓመት ቆይታ አረገዘች። ወደ እኔ ስትመጣ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ታንቀላፋለች። አፍንጫዋን ታካለች። ክፍላችን ጨለማ ሆኖ ሳለ የዓይኗ ብሌን የመርፌ ቀዳዳ ያህል ጠብቧል። ሦስቱም የጠብታው ምልክት ናቸው፤ ሁሉንም አይቻለሁ። «ምን ያምሻል?» አልኳት። «ምንም፤ እንቅልፍ ነው የሚጫወትብኝ» አለች። እርግዝና ነው አልኩና ካርዷ ላይ «ድካም» ብዬ ጻፍኩ። «ትናንት ምን ሠራሽ?» ብያት ቢሆን ኖሮ ምናልባት ትናገር ነበር።

ከዚያ መምጣቷን ተወች። እኔም ቤቷ ሄድኩ። በሩን የከፈቱት አማቷ፣ ባላቸው ከሞተ በኋላ ቆብ የደፉ እማሆይ ወለተ ኪዳን ናቸው። በሩን ትከሻቸው በሚያስገባ ልክ ብቻ ከፍተው «ልጄ፣ ዛሬ ኮሶ ጠጥታለች» አሉኝ።

ለዛሬ ልጆች ይህን ማስረዳት አለብኝ። በዚያ ጊዜ ጥሬ ሥጋ የሚበላ ሁሉ በየሁለት ወሩ ለኮሶ ትል ኮሶ ይጠጣል። ኮሶ ሆድ ያጥባል፣ ያስታውካል፣ ያደክማል። የጠጣ ሰው ቤቱን ዘግቶ ይውላል፤ እንግዳ አያየውም፣ ጠያቂም አይፈልግም። «ኮሶ ጠጥቷል» ከተባለ ዳኛም ይቀጥራል፣ አለቃም ዝም ይላል። የእኛው ጤና መኮንን እንኳ ሥራ ሲሰለቻቸው ኮሶ ይጠጡ ነበር። እንዲህ ከተባለ በኋላ ሁለተኛ ማንኳኳት ገመና እንደ መግለጥ ነው። እኔም «ይማርልን» ብዬ ተመለስኩ።

ሁለተኛም ሄድኩ፤ ኮሶ ጠጥታለች ተባልኩ፤ ተመለስኩ። ሦስተኛ ሄድኩ፤ ያንኑ ሰማሁ። ከዚህኛው ስመለስ ግን መንገድ መሃል ላይ አንድ ነገር ቀጥ አድርጎ አቆመኝ። እርጉዝ ሴት ኮሶ አትጠጣም። ያስወርዳታል። ይህን ለማወቅ ጎንደር መማር አያስፈልግም፤ ብቸና ውስጥ የማያውቅ ሴት የለም። እማሆይ ደግሞ ስምንት የወለዱ ናቸው። ፊቴን አዙሬ ወደዚያ በር ጥቂት እርምጃ ሄድኩ። ከዚያ ይሉኝታ ያዘኝ። አሮጊት መነኩሲት ዋሽተዋል ልበል? በማላውቀው አገር፣ በሰው ደጅ? ነጠላዬን ተከናንቤ ወደ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዕድሜዬን ሙሉ የምቆጭበት ያ እርምጃ ነው።

ያዋለድኳት እኔው ነኝ። ምጡ ቀላል ነበር፤ መቀሱን በደንብ ቀቅያለሁ፤ እጄን እንደ አቶ ደምሴ በጸሎት ልክ ታጥቤያለሁ። ሴት ልጅ ናት፤ ትንሽ፣ ቀጭን። ሴቶቹ ሦስት ጊዜ እልል አሉ። በማግስቱ ጠያቂዎች ሲገቡ እንደገና እልልታ ሆነ። በእያንዳንዱ እልልታ ሕፃኗ ሁለት እጇን ወደ ላይ ወርውራ ትንቀጠቀጣለች። «ሰማች፣ ሰማች» ብለው ሣቁ። እኔም አብሬ ሣቅሁ።

በሦስተኛው ቀን ማንም አልሣቀም። ለቅሶዋ የሕፃን ለቅሶ አልመስል አለ፤ ቀጭንና የማያቋርጥ ነው። ታስነጥሳለች፣ ታልባለች፣ ጡት ስትይዝ መልሳ ትለቃለች፣ ተቅማጡ አላቆም አለ። መንቀጥቀጡን ሳይ ቴታነስ ነው አልኩ፤ ባልጸዳ መቀስ ከእትብት የሚገባ፣ መንጋጋ የሚቆልፍ በሽታ ነው። እትብቷን የቆረጥኩት እኔ ነኛ። እያለቀስኩ አቶ ደምሴ ዘንድ ሮጥኩ።

መጡ። ያን ሁሉ ስጣደፍ እሳቸው ውኃ አስቀርበው ጸሎታቸውን እስከ መጨረሻው ደገሙ። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን በሕፃኗ አፍ አስገቡ። «መንጋጋዋ አልቆለፈም። የቴታነስ ልጅ እንዲህ አፉን ከፍቶ አያለቅስም» አሉ። ወደ አንጓች ዞሩና በለሆሳስ ጠየቋት።

«ትናንት ምን ሠራሽ፣ ልጄ?»

አንጓች ትራሷ ስር እጇን ሰድዳ ጠርሙሱን አወጣች። ማልቀስ እንኳ አልቻለችም።

ሕፃኗ ዘጠኝ ወር ሙሉ ከእናቷ ጋር ስትጠጣ ኖራለች ለካ። ስትወለድ እትብቱ ሲቆረጥ ጠብታውም ተቆረጠባት። ጤና መኮንኑ ደብረ ማርቆስ ሄደዋል። በማንኪያ ውኃና ስኳር እየሰጠን፣ እያቀፍን ቆየን። በአምስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ታቅፌያት ሳለ ትንፋሿ ቆመ። ቄስ ተጠርቶ ሳይደርስ፣ ሳትጠመቅ ሞተች፤ የተቀበረችውም ከጊዮርጊስ አጥር ውጭ ነው። እኔም በንዴት ጠርሙሱን ወስጄ ውጭ ደፋሁት። አንጓች በዚያ ላይ ሳምንት ሙሉ ስታስታውክ፣ ስትንቀጠቀጥ ከረመች። አቶ ደምሴ የተቆጡኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው። «ማቋረጥና መቀነስ አንድ አይደሉም። ወታደሮች ሞርፊን ለምደው አይቻለሁ፤ በአንዴ ስንነጥቃቸው ይታመማሉ። እርጉዝ ላይ እንዲህ ብታደርጊ ደግሞ ሆዷ ውስጥ ያለውን ትገድይዋለሽ። ጠብታ በጠብታ ነው የሚወርድ» አሉኝ። ነገሩ ውስጤ ቀረ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። አቶ ደምሴ ሲሸኙኝ የመስታወት መንጠብጠቢያቸውን በመሐረብ ጠቅልለው ሰጡኝ። ሞጣን ወደድኳት። የተከራየሁት ከአንድ ጨርቅ ነጋዴ ቤት ነበር፤ ባለቤቲቱ ወይዘሮ ሐዋ በረመዳን ማፍጠሪያዋን፣ በፍስክ ደግሞ ዶሮዋን ከነነፍሱ ስትልክልኝ ዓመቱ በምግብ ያልቃል። አንድ ቀን ካርድ ክፍል ወረፋ ከያዘው ሰው መሃል የአንጓችን ባል አየሁት። እሱም ሞጣ ፍርድ ቤት ተዛውሯል። «እርጉዝ ናት» አለኝ፣ መሬት መሬት እያየ። «አትወጣም።»

በማግስቱ ሄድኩ። በሩ ሌላ ነው፤ የከፈቱት ግን እማሆይ ናቸው። አርጅተዋል፤ ትከሻቸው ግን እንደ ድሮው በሩን ዘግቷል።

«ልጄ፣ ዛሬ ኮሶ ጠጥታለች።»

እውነቴን ነው፣ ወደ ኋላ ልመለስ ነበር። ከዚያ ያች ሕፃን እቅፌ ውስጥ ያለች መሰለኝ።

«እማሆይ፣ እርጉዝ ኮሶ አትጠጣም። እርስዎም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። ልግባ።»

«ገመናችንን ልታወጪው ነው» አሉ።

«ልሸፍነው ነው የመጣሁት።»

በበሩ ላይ ያጋደሙትን መቋሚያ አነሡ።

አንጓች ሁለት ጋቢ ደርባ በላብ ተነክራ ትንቀጠቀጣለች። ከሕፃኗ ሞት በኋላ ወደ ጠብታው ተመልሳ ነበር፤ ያ የብቸናው ሻጭ ሞጣ ገበያም ይመጣል፣ በዚያ ሳምንት ግን አልመጣም። ያን ጊዜ ነው የኮሶው ነገር የገባኝ፤ ጠብታው ባለቀባት ቀን እንደዚህ ስታስታውክና ሆዷ ሲሄድ ለጎረቤት የሚነገር ሌላ ነገር አልነበራቸውም። አጠገቧ ተቀመጥኩ። አላፈረችብኝም፤ ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«ብቸናም መጥተሽ ነበር» አለች። «ሦስት ጊዜ። ድምፅሽን እሰማ ነበር። አሁን ትገባለች፣ አሁን ትገባለች እያልኩ በሩን አያለሁ።»

«ታዲያ ለምን አልጠራሽኝም?»

«አፍሬ። አንቺስ ለምን አልገባሽም?»

«እኔም አፍሬ» አልኳት።

ሁለታችንም አለቀስን። እማሆይ ከበሩ ሥር ቆመው ሰምተዋል።

ያን ቀን አንጓች የፈራችው በሆዷ ላለው ልጅ እንጂ መከሰስን አልነበረም። የሞጣው ጤና መኮንን ፖሊስ ይጠራ ብለው ነበር። ፖሊስ መጥቶ ጠርሙሱን ቢወስድ በአንዴ ተቋርጦባት ፅንሱ ይሞታል ብዬ ተከራከርኳቸው፤ አቶ ደምሴ ያሉትን በሙሉ ነገርኳቸው። አሰቡበትና ከተቆለፈው ሣጥን እያወጡ እንዲሰጡኝ፣ ጠብታውንም በገዛ እጄ እንድለካ ተስማማን። በቀን ሦስት ጊዜ ሃያ ሃያ ጠብታ ጀመርን። በየሳምንቱ ከእያንዳንዱ አንድ እንቀንሳለን፤ የከበዳት ሳምንት ባለበት እናቆየዋለን። በአቶ ደምሴ መንጠብጠቢያ፣ በብርሃን ፊት፣ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ። በሁለተኛው ሳምንት እማሆይ መቁጠሪያቸውን ይዘው አጠገቤ ተቀመጡና ከእኔ ጋር መቁጠር ጀመሩ። የሳምንቱ ልክ የደረሰበት ፍሬ ላይ ቀይ ክር ያስራሉ፤ ሳምንት ሲያልፍ ክሩን አንድ ፍሬ ወደ ኋላ ያወርዱታል። ከዚያ ወዲያ እኔ ብሳሳት እንኳ እሳቸው አይሳሳቱም።

ክፉ ቀን አልጠፋም። አንድ ቀን አንጓች ጨምሪልኝ ብላ እግሬ ላይ ወደቀች። ሌላ ቀን ደግሞ ያ ሻጭ ደንበኛው ስትጠፋበት ቤቷን አጠያይቆ ከነጠርሙሱ ደጃፉ ላይ ከች አለ። እኔ ከውስጥ ነበርኩ። እማሆይ በሩን በትከሻቸው ልክ ከፈቱለት።

«ኮሶ ጠጥታለች» አሉና ዘጉበት።

ከብቸና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከእነሱ ጋር ሣቅሁ። አንጓችም ሣቀች።

ምጧ ሲመጣ አራት ጠብታ ላይ ደርሰን ነበር። እንደገና ሴት። ትንሽ ናት፤ ግን ከፊተኛዋ ትከብዳለች። ጎረቤቶች ደጅ ላይ እልልታቸውን አዘጋጅተው ቆመዋል። እማሆይ መቋሚያቸውን ይዘው ወጡና «እልል የሚል አይገባም። ጠያቂም አይገባም» አሏቸው። ሴቶቹ ክፉኛ ተቀየሙ። ልጅ ተወልዶ እልል የማይባልበት ቤት አይተው አያውቁም። እማሆይ ግን የብቸናውን መንቀጥቀጥ አልረሱትም።

በሁለተኛው ቀን ማስነጠሱ መጣ፣ እጇም መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቤቱን አጨልመን፣ አጥብቀን ጠቅልለን፣ እናቷ ደረት ላይ ገላ ለገላ አስተኛናት። ጡት መያዝ ሲያቅታት ወተቱን እያለብን በማንኪያ ጫፍ ሰጠናት። እማሆይ ቅቤ ላስውጣት ብለው ሁለት ጊዜ ሊያታልሉኝ ሞክረዋል፤ እንቢ አልኩ። ጤና መኮንኑ የሰጡኝን ጥቂት ማረጋጊያ እየቀነስኩ ሰጠሁ። ሃያ ቀን ያህል ሁላችንም በሹክሹክታ ኖርን፤ አባትየው እንኳ ጫማውን ደጅ አውልቆ ይገባል። ከዚያ አንድ ጠዋት ጡቷን ያዘችና ጠግባ እስክትተኛ አልለቀቀችም። አንጓችም በዚያው ወር ጠብታውን ጨረሰች። ለአቶ ደምሴ ሁሉንም በደብዳቤ ጻፍኩላቸው። መልሳቸው አንድ መስመር ነበር፦ «እጅሽን እንደ ድሮው ትታጠቢያለሽ ወይ?»

ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ተጠመቀች። ከቤተ ክርስቲያን ወጥተን ቅጽሩ ውስጥ ስንደርስ እነዚያ የተቀየሙ ጎረቤቶች ተሰብስበው ጠበቁን። እማሆይ ዛሬ ተፈቅዷል ብለው መቋሚያቸውን አነሡ። እኔ ሰማሁና እጄን ወደ ሕፃኗ ጆሮ ዘረጋሁ። ሰማንያ ቀን የታፈነ እልልታ ሦስት ጊዜ ወጣ። ሕፃኗ አንድ ዓይኗን ከፈተች፣ አዛጋች፣ መልሳ ተኛች። እጆቿ አልተንቀሳቀሱም።

አንጓች ሕፃኗን አሳቀፈችኝና ወደ አማቷ ዞረች።

«እማሆይ፣ ይደገም» አለች። «የብቸናዋ እልልታውን በመንቀጥቀጥ ነው የሰማችው። እሷም ድርሻ አላት።»

ተደገመ። እኔ እልልታ አላውቅበትም፤ ድምፄ ይሰነጠቃል። ያን ዕለት ግን እነሱ እስኪሣቁብኝ ድረስ እልል አልኩ፤ ሕፃኗም እቅፌ ውስጥ አልነቃችም።